እርጉዝ ሆነሽ እንቅልፍ እንቢ ሲልሽ፦ ልታስወግጃቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በደብረ ብርሃን ከባድ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ሆድ ሲገፋ ደግሞ እንቅልፍ ይሸሻል። «እርግዝና ነው፣ ቻይው» ይባላል። ግን አንዳንዱን የሚያባብሰው ልማዳችን ነው።

ከሰል ቤት ውስጥ አድርጎ መተኛት። ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው። ብርዱን ለመስበር ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ የመስኮቱ ክፍተት በጨርቅ ይወተፋል። ፍሙ ባይጨስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ወደ ፅንሱም ይሻገራል፣ ከፅንሱ ደም ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ስለሆነ፣ እርጉዝ ሴት «ያው የእርግዝናው ነው» ብላ ታልፈዋለች። እባክሽ እህቴ፣ ከመተኛትሽ በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ውጭ ይውጣ። የመንዝ ባና ካለ እሱን ደርቢ፣ ካልሲ አድርጊ። ሸዋ ሮቢት ያለሽው ደግሞ ጭንቅሽ ሙቀቱ ነው፤ ማታ ገላሽን ለብ ባለ ውሃ ተለቃለቂ፣ ስስ ነገር ልበሺ። ሞቀኝ ብለሽ ግን አጎበሩን እንዳትተዪ፤ ወባ ለእርጉዝ ሴት በጣም አደገኛ ነው።

የከሰዓት ቡና። ጎረቤት ሲጠራ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ካፌይንን የሚያስወግደው ቀስ ብሎ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ይብስበታል። የዘጠኝ ሰዓቱ ቡና እኩለ ሌሊትም ደምሽ ውስጥ አለ። በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን አለማለፍ ይመከራል። ጠዋት አቦሉን ጠጪ፣ ከሰዓት ሄደሽ ተጫወቺ እንጂ ሲኒውን እለፊው። የአይረን (የብረት) ኪኒንሽንም ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰጂ፣ በደንብ አይሠራልሽም። ማታ ማታ እግርሽን አላስቀምጥ የሚልሽ ከሆነ የብረት እጥረት ሊሆን ስለሚችል በክትትልሽ ቀን ተናገሪ።

«ትንሽ አረቄ ያስተኛል» ለሚልሽ ጆሮ አትስጪ። ለፅንሱ ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም። የእንቅልፍ ኪኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

በጀርባ መተኛት። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በጎንሽ ተኚ፤ ግራም ይሁን ቀኝ። በጀርባ ስትሆኚ ማህፀኑ ትልቁን ደም መልስ ይጫናል፣ ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ከኋላሽ ጋቢ ጠቅልለሽ አድርጊ፣ በጉልበቶችሽ መሃል ትራስ። ነቅተሽ ራስሽን በጀርባሽ ተኝተሽ ካገኘሽው አትደንግጪ፣ ዞር በይ።

ቃር ካለብሽ እራት ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይሁን፣ በርበሬውም ይቀነስ። ሽንት እንዳይቀሰቅስሽ ብለሽ ቀኑን ሙሉ ራስሽን ውሃ አትከልክዪ፤ ወደ ማታ ብቻ ቀነስ አድርጊ።

ሁሉንም ነገር የእንቅልፍ ማጣት አድርጎ ማየት። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት የደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ መዳፍና ውስጥ እግር የሚያሳክክሽ ከሆነም መመርመር አለብሽ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ደግሞ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ።