የራዲያተር ፋን ችግርና መፍትሄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ተደብቆ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚወጣው ብልሽት

ደብረ ብርሃን ላይ የራዲያተር ፋን ቢሞትም ቶሎ አይነቃበትም፤ ብርዱ ይሸፍንለታል። ያው መኪና ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሞተሩ ሳይጠፋ ጥላ ፍለጋ ሲቆም ግን ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት መቼ እንደሚሞቅ ለዩ።

ቆሞ ይሞቃል፣ ሲሄድ ይበርዳል። ይሄ የፋን ጠባይ ነው። መኪና ሲሮጥ ንፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል፤ ሲቆም ያለው ፋኑ ብቻ ነው። ሞተር አስነሱና ኤሲ ክፈቱ። አብዛኞቹ መኪኖች ላይ ፋኑ መዞር አለበት። በኤሲ ዞሮ በሙቀት ካልዞረ የሙቀት ሴንሰሩንና ሶኬቱን ጠርጥሩ።

በኤሲም ካልዞረ ፊውዙን እዩ። ከተቃጠለ በዚያው አምፒር ቀይሩት። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ የሚሰካ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። አዲሱም ከተቃጠለ ወይ ፋኑ ተጣብቋል፣ ወይ ሽቦው ሾርት አድርጓል። ፊውዙ ደህና ከሆነ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ሳጥን) ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ከሌላ ሪሌ፣ ለምሳሌ ከክላክሱ፣ ጋር አቀያይሩ።

አሁንም ዝም ካለ ሶኬቱን ንቀሉና፣ ባለሁለት ሽቦ ፋን ከሆነ፣ በቀጥታ ከባትሪ ስጡት። ከዞረ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ካልዞረ የፋኑ ሞተር አልቋል። በእንጨት መታ ሲያደርጉት የሚነሳ ፋን አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ያለቀ ነው፤ ነገ መንገድ ላይ ይጥላችኋል። እጃችሁን አርቁ፤ ሞተር ጠፍቶም በድንገት የሚነሳ ፋን አለ።

ፋን ካስቀየራችሁ በኋላ ባሰበት። ቁራጭ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ያዙ። ከኋላ የታሰረ ፋን ወረቀቱን ስቦ ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ አለበት። የሚገፋው ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተገጥመዋል።

ፋኑ እየዞረ ዳገት ላይ ይሞቃል። ከሸዋ ሮቢት፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ፣ በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር መውጣት ለደህና መኪናም ፈተና ነው። እዚህ ፋኑን ተዉትና ራዲያተሩን እዩ፤ ጭቃና ጭድ ይደፍነዋል። ከዚያ ተርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው) እና የውሃ ፓምፕ። ፋኑ በቺንጋ የሚዞር ፒክአፕ ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፋኑን በእጅ አዙሩት። ምንም ሳይዝ የሚሽከረከር ከሆነ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የፋኑ ክላች አልቋል።

የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ሳለ ውሃው ይፈላል። ይሄ የደጋ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰውም በከንቱ ፋን ያስቀይርበታል። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የብዙ መኪኖች ፋን ደግሞ የሚነሳው 95 አካባቢ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ይዞ ውሃውን ከመፍላት ያቆየዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው ይንተከተካል። ክዳኑን ቀይሩ፣ በውሃ ፋንታም ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራ ፈሳሽ) ጨምሩ፤ ለኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭም ይበጃችኋል። ክዳኑን ግን ትኩስ ሳለ እንዳትከፍቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ፋኑ አልቆም አለ። ሪሌው ተጣብቋል፣ ወይም የሴንሰሩ ሶኬት ወልቋል፤ ብዙ መኪና ሴንሰሩን ሲያጣ ለጥንቃቄ ብሎ ፋኑን ያስነሳል። ጋራዥ እስክትደርሱ ማታ ማታ ሪሌውን ንቀሉት፤ አለዚያ ጠዋት በዚያ ብርድ ባትሪ አልቆ መኪና ግፉ ልትባሉ ነው። ስትነሱ መልሶ መሰካት እንዳይረሳ።