ልጅዎ ለፈተና ሲዘጋጅ የወላጅ ድርሻ

ፈተና ሲቃረብ ብዙ ወላጅ ወደ ቁጥጥር ይገባል። «አጠናህ? የት ደረስክ? ጓደኛህስ ስንት አመጣ?» ይላል። እነዚህ ጥያቄዎች የወላጁን ስጋት ልጁ ላይ ይጭናሉ እንጂ አያስጠኑትም። መጠነኛ ጭንቀት ደግ ነው፤ ደብተር ያስገልጣል። ሲበዛ ግን ጥያቄ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ትኩረት ይሻማል። ልጁ ትናንት አሳምሮ የሠራው ሒሳብ ዛሬ ፈተና ላይ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያንን ስንፍና ብለው ከወረዱበት ያባብሱታል።

ማጥናቱ የልጁ ሥራ ነው፤ ለጥናት የሚመች ቤት መፍጠር የወላጅ። ከሁሉ አስቀድሞ እንቅልፍ ይምጣ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለባቸው። በዚህ ዕድሜ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን የሚመነጨው አምሽቶ ስለሆነ፣ በጊዜ ተኛ ብሎ መቆጣት ብቻውን ውጤት የለውም። የሚሻለው የመነሻውን ሰዓት ቋሚ ማድረግ ነው፤ በእረፍት ቀንም ቢሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ባይዛነፍ ይመረጣል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ደብተሩም ስልኩም ይዘጋ። ስልኮች ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረጉ፤ የእርስዎም ጭምር፣ አለዚያ ደንቡ ቅጣት ይመስላል። ቡናና የኃይል መጠጥ ከምሳ በኋላ ይቅር፤ ከጠጣው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነቱ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ደግሞ ኪሳራ ነው፤ ቀን የተጠናው አእምሮ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና።

ቀጥሎ ፕሮግራም ነው። አብራችሁ ተቀመጡ፣ እስክሪብቶው ግን በልጁ እጅ ይሁን። መጀመሪያ የፈተና ቀኖቹን ይጻፍ፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ትምህርት ቤትና ጨዋታ፤ በተረፈው ሰዓት ትምህርቶቹ ይግቡ። ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጥናት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እረፍት ለብዙዎች ይስማማል። አንድን ትምህርት በአንድ ቀን 3 ሰዓት ከመጨረስ በሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ማጥናት ይበልጣል። ወረቀቱ ላይ «ባዮሎጂ» ተብሎ አይጻፍ፤ «የሴል ክፍፍል፣ 10 ጥያቄ» ይባል፣ መቼ እንዳለቀ እንዲታወቅ። በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ባዶ ይተው። ይህ የሚዘለል ነገር አይደለም፦ ጢም ብሎ የተሞላ ፕሮግራም በሦስተኛው ቀን ወደ ኋላ ይቀራል፣ ልጁም ተስፋ ቆርጦ ሙሉውን ይጥለዋል።

ደጋግሞ ማንበብና ማስመር የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ገጹን ስለለመደው ያወቀው ይመስለዋል። መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሰውን በባዶ ወረቀት ይጻፍ፣ ከዚያ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሙላ። ትምህርቱን የማያውቅ ወላጅም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ «እስቲ አስረዳኝ» ብሎ ዝም ማለት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ያለፈ ዓመት ፈተና ሰዓት ይዞ ይሥራ።

«እወድቃለሁ» ሲልዎ «አትወድቅም፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ለማለት አይቸኩሉ። ወሬው እዚያው ይቆማል፣ ሊጠብቀው የሚገባ ስምም ይጨመርበታል። «ይበልጥ የሚያስፈራህ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ስጋቱ ወደ አንድ ምዕራፍ ከጠበበ የሚሠራ ነገር ይገኛል። ፊት ለፊት ከማስቀመጥ ዕቃ እያጠባችሁ ወይም በእግር እየሄዳችሁ ማውራት ይቀላል። ሽልማት ቃል የሚገቡ ከሆነ ለሠራው ሥራ እንጂ ለሚያመጣው ነጥብ አይሁን።

ልቡ በኃይል ሲመታ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ እስከ 4 እየቆጠረ በአፍንጫው አየር ያስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣ፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ ይበርዳል። ይህን ግን በደህናው ቀን ይለማመደው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና ክፍል ውስጥ ቢሞክረው አይሳካለትም። ፈተናው መሃል ሁሉ ነገር ከጠፋበት እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሦስት ጊዜ ይተንፍስና ወደሚቀለው ጥያቄ ይለፍ።

ራስ ምታትና የሆድ ሕመም በየጠዋቱ ከተመላለሰበት፣ ምግብ ከዘጋው ወይም ከጓደኞቹ ከራቀና ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ነገሩ ከፈተና ጭንቀት ሊያልፍ ስለሚችል ሐኪም ወይም የትምህርት ቤት አማካሪ ያናግሩ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀን አይጠብቁ። ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። መድኃኒትና ስለት ያርቁ፣ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

በዋዜማው አዲስ ምዕራፍ አይጀመር። መታወቂያ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ከተፈቀደ ካልኩሌተር፣ ውሃ ማታውኑ ቦርሳ ይግባ። ጠዋት የለመደውን ይብላ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ በር ላይ መቆም እርስ በርስ መጠያየቅና መሸበር ያመጣል።

ሲመለስ ጥያቄ በጥያቄ አያስለቅሙት፤ የተሳሳተውን መቁጠር ለነገው ፈተና ምንም አይጨምርም። ይብላ፣ ትንሽ ይረፍ፣ ወደሚቀጥለው ይለፍ። የውጤቱን ቀንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፦ ማን ያየዋል፣ የትና መቼ? ብቻውን ማየት ከፈለገ ይፍቀዱለት፤ ለዘመድ ከመደወልዎ በፊትም ያስፈቅዱት።