«በጉግል ግባ» ሲነካ ዝም ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

አንድሮይድ አፕ ላይ «በጉግል ግባ» የሚለውን በተን ስትሠሩ ኢንተርኔት መኖሩን፣ የመግቢያው ጥቅል (ላይብረሪ) መጫኑንና የኢንተርኔት ፈቃድ አፑ ውስጥ መጻፉን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያን ያላየ መጀመሪያ እሱን ይጨርስ። እኔ የምጽፈው ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላይ ለተማሪ፣ ለሱቅና ለማኅበር አፕ ሲሠራ ሁልጊዜ እየዞረ የሚመጣብኝን ብልሽት ነው።

ምልክት፦ የአካውንት ዝርዝር ይመጣል፣ ሰውየው ይመርጣል፣ ከዚያ ምንም የለም

ሎጉን (አፑ ሲሠራ የሆነውን የሚመዘግበውን ዝርዝር) ስትከፍቱ የስህተት ቁጥር 10 ታያላችሁ። በክሬደንሻል ማናጀር፣ በአዲሱ የአንድሮይድ መግቢያ ላይብረሪ፣ ከሠራችሁ ደግሞ 28444 ይላችኋል። አንዳንዴ «ተጠቃሚው ሰርዞታል» ብሎ ይዋሻል። ማንም አልሰረዘም።

እዚህ ላይ ሰው የሚያደርገው ነገር ያናድደኛል። በተኑን አፍርሶ ይሠራል። ቀለሙን ይቀይራል። ሌላ ጥቅል ይጭናል። ዩቲዩብ ላይ ያየውን መስመር በመስመር ይገለብጣል። በተኑ ምን በደለ? እጃችሁን አንሱለት።

ምክንያቱ ሌላ ነው። ጉግል አፓችሁን የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የፓኬጅ ስሙ ነው፤ «ኮም ዶት ምናምን» እንደሚለው ያለ የአፑ መለያ። ሌላው አፑ የተፈረመበት አሻራ ነው፤ ሻ-ዋን የምንለው፣ በሁለት ነጥብ የተለያዩ 20 ጥንዶች ያሉት። ኮንሶሉ (ፋየርቤዝ፣ አፑን ጉግል ዘንድ የምታስመዘግቡበት ገጽ) ላይ ያስመዘገባችሁትና ስልኩ ላይ ያለው አፕ የተፈረመበት ካልገጠሙ በሩ አይከፈትም።

ጣጣው አንድ አፕ ሦስት አሻራ ሊኖረው መቻሉ ነው። የመጀመሪያው አፑን የምትጽፉበት አንድሮይድ ስቱዲዮ በራሱ የሚፈጥረው የዲበግ (የመሞከሪያ) ፊርማ ነው። ይሄ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል። ሁለተኛው ለመልቀቅ ብላችሁ የፈጠራችሁት ነው። ሦስተኛው የጉግል የራሱ ነው። ከኦገስት 2021 ወዲህ አዲስ አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ ስትጭኑ (አፕሎድ ስታደርጉ) ጉግል የእናንተን ፊርማ አይቶ ይቀበልና ለተጠቃሚው የሚደርሰውን በሌላ ፊርማ ይፈርመዋል። ብዙ ሰው ይቺን ሦስተኛዋን አያውቃትም።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ ይሄ ጉድ በየዓመቱ ይታያል። ልጆቹ በቡድን ይሠራሉ፤ መግቢያውን የሠራው አንዱ በራሱ ላፕቶፕ ነው። ሲሠራ ከርሟል። የማቅረቢያው ቀን የእሱ ባትሪ ይሞታል፣ በጓደኛው ላፕቶፕ ቢልድ ያደርጉታል፣ ፈታኞቹ ፊት በተኑ ዝም ይላል። «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» አዎ፣ በትናንቱ ላፕቶፕ።

ሌላዋ መሐል ሜዳ በርኖስ የሚሸጡ እናት ናቸው። አፑን የሠራላቸው ልጅ ኤፒኬውን (የአፑን ፋይል) በቴሌግራም ላከላቸው፤ ሠራ። ፕሌይ ስቶር ላይ ሲወጣ አንድም ደንበኛ መግባት አልቻለም። ልጁ ስልካቸውን እያሳየ «እትዬ፣ ይኸው ይገባል፤ ችግሩ የደንበኞቹ ስልክ ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም «ልጄ፣ የሁሉም ስልክ ባንድ ቀን ተበላሸ?» አሉት። ልክ ናቸው። በቴሌግራም የተላከው በልጁ ፊርማ ነው፤ ከስቶር የወረደው በጉግል ፊርማ ነው። ኮንሶሉ ላይ የነበረው የልጁ ብቻ ነበር። ስለዚህ «በቴሌግራም የላክሁት ይሠራል፣ ከስቶር የወረደው አይሠራም» ስትሉኝ ሌላ ነገር አልጠይቃችሁም። መልሱ ይሄ ነው።

መፍትሄው፦ የላፕቶፓችሁን አሻራ ግሬድል (አፑን ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ) ላይ ባለው ሳይኒንግ ሪፖርት በሚባለው ትእዛዝ አውጡ። የእያንዳንዱን የቡድን አባል ላፕቶፕ ጭምር። ከዚያ ፕሌይ ኮንሶል (አፑን ስቶር ላይ የምታወጡበት ገጽ) ውስጥ ስለ አፕ ፊርማ የሚናገረው ገጽ ላይ ሂዱ። እዚያ ሁለት ሰርተፍኬት አለ፤ የመጫኛው (አፕሎድ ኪ፣ የእናንተ) እና የመፈረሚያው (አፕ ሳይኒንግ ኪ፣ የጉግል)። የምትፈልጉት የመፈረሚያውን ነው። ሰው ሁልጊዜ የመጫኛውን ገልብጦ ይመጣና «አደረግሁ፣ አልሠራም» ይለኛል። ሁሉንም ፋየርቤዝ ላይ ጨምሩ፣ የጉግል ሰርቪስስ ጄሰን ፋይሉን (የምዝገባችሁን መረጃ ለአፑ የሚሰጠውን) እንደገና አውርዱ፣ አሮጌውን ተኩ። ስልኩ ላይ ያለውን አፕ አጥፍታችሁ ጫኑ። ከዚያ ትንሽ ታገሱ፤ አንዳንዴ ለውጡ ወዲያው አይደርስም።

አሻራው ገጥሞም እንቢ ካለ የፓኬጅ ስሙን እዩ። ኮም ዶት ኤግዛምፕል ብለው ጀምረው፣ ፕሌይ ስቶር ያንን ስም አልቀበልም ሲላቸው በመጨረሻዋ ሰዓት ስም የሚቀይሩ አሉ። ስሙ ሲቀየር ምዝገባው ሁሉ እንደ አዲስ ነው። ሌላው፣ አይዲ ቶክን (ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያረጋግጠውን የጉግል ማስረጃ) ስትጠይቁ ኮዱ ላይ የሚሰጠው የዌብ ክላይንት አይዲ እንጂ የአንድሮይዱ አይደለም። ኮንሶሉ «ይህ ስምና አሻራ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ተይዟል» ካላችሁ ደግሞ አንድ ጓደኛችሁ ሲሞክር ትቶት የሄደ ፕሮጀክት አለ። ፈልጋችሁ አስጠፉት።

አፑ የተገዛ ወይም ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ቴምፕሌት (ተሠርቶ ያለቀ የአፕ ኮድ) ከሆነ የበፊቱ ባለቤት ጄሰን ፋይል ውስጡ ተቀምጦ ነው የሚመጣው፤ በራሳችሁ ተኩት። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚያስብ አይገባኝም። የመልቀቂያ ኪስቶራችሁን (የፊርማ ቁልፉ ያለበትን ፋይል) እና የይለፍ ቃሉን ግን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉ። ጊትሃብ ላይም እንዳትጭኑ። ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ አንድ ፍላሽ አይበቃም።

ምልክት፦ በፌስቡክ ሲገባ «የተሳሳተ ኪ ሃሽ» ይላል

በሽታው ያው ነው። ፌስቡክ ያንኑ አሻራ በሌላ አጻጻፍ ይፈልገዋል፤ ኪ ሃሽ የሚለው እሱን ነው፤ 28 ፊደል ሆኖ መጨረሻው ላይ የእኩል ምልክት አለ። ምልክቷን ቆርጦ የሚለጥፍ አለ። ከዚያ የባሰው ግን ይሄ ነው፦ ኪቱል በሚባለው አሻራ ማውጫ ትእዛዝ ስታወጡት የይለፍ ቃል ከተሳሳታችሁ፣ የስህተቱ መልእክት ራሱ ወደ ሃሽ ይቀየርና ትክክለኛ የሚመስል ውጤት ይሰጣችኋል። ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ስልኩ ላይ የወጣው የስህተት ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ሃሽ ገልብጡ፤ እሱ አይዋሽም።

ለእናንተ ገብቶ ለሌላው እንቢ ካለ አፑ ፌስቡክ ላይ ከዴቨሎፕመንት (ከሙከራ) ወደ ላይቭ (ለሁሉም ክፍት) አልተቀየረም። ኢሜይል ባዶ ሆኖ ከመጣ አትገረሙ። እኛ አገር ፌስቡክን በስልክ ቁጥር የከፈተ ሰው ሞልቷል። ተጠቃሚን በኢሜይሉ ሳይሆን በአይዲው ለዩ።

ምልክት፦ የአንዳንድ ሰው ስልክ ብቻ እንቢ ይላል

የስልኩን ሰዓት እዩ። ሸዋሮቢት ላይ የማሾና የሽንኩርት ዋጋ የሚያሳይ አፕ ነበር። ወጣቶቹ ይገባሉ፣ ትልልቆቹ አይገቡም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልካቸው 3:00 እንዲል በእጅ አስተካክለውታል። ለስልኩ ይሄ የስድስት ሰዓት ስህተት ነው። የጉግል አይዲ ቶክን ዕድሜው አንድ ሰዓት ነው፤ አፑ ደግሞ ቶክኑን በስልኩ ሰዓት ይመዝን ነበር። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ያስገባ ካለማ ስልኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ ሰርተፍኬቶቹ ገና ያልተወለዱ ይመስሉታል፣ አፕ ሳይሆን ድረ ገጽም አይከፍትም። ሰዓቱ አውቶማቲክ ይሁን። የሐበሻ ሰዓት ለሚፈልግ የራሱ አፕ አለ። እናንተም ቶክኑን ሰርቨር ላይ አረጋግጡ፤ ስልክ ላይ አይደለም።

የቀሩት፣ ባጭሩ

የስህተት ቁጥር 403 እና «የተከለከለ ዩዘር ኤጀንት» ካለ መግቢያውን ዌብቪው (አፑ ራሱ ውስጥ የሚከፈት ድረ ገጽ) ውስጥ ከፍታችሁታል። ጉግል ይህን ከ2017 ጀምሮ ከልክሏል፤ ፌስቡክም አንድሮይድ ላይ ከ2021 ወዲህ። በከስተም ታብ (የስልኩን ብራውዘር በሚከፍተው) ወይም በራሳቸው ኤስዲኬ (ኩባንያዎቹ ባዘጋጁት ላይብረሪ) ሥሩት።

የስህተት ቁጥር 12502 ካለ ሰውየው ኔትወርክ ዘግይቶበት በተኑን ደጋግሞ ነክቶታል። አንዴ ከተነካ በተኑን ቆልፉና የሚሽከረከረውን ምልክት አሳዩት።

በቴሌግራም መግቢያ ከሠራችሁ ዶሜኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) ቦትፋዘር፣ የቴሌግራም ቦቶች የሚመዘገቡበት ቦት፣ ላይ አስመዝግቡ። የቦቱን ቶክን (ሚስጥራዊ ቁልፉን) አፑ ውስጥ አትክተቱ። ኤፒኬ ይፈታል! ማረጋገጫው ሰርቨር ላይ ይሁን።

በአፕል መግቢያ ከሠራችሁ፣ አፕል ስምን የሚሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ ብቻ ነው፤ ያኔውኑ መዝግቡት።

የጉግልን አርማ ከአፓችሁ ቀለም ጋር ለማስማማት አረንጓዴ አትቀቡት፤ መመሪያቸው አይፈቅድም።

አዳዲሶቹ የሁዋዌ ስልኮች የጉግል አገልግሎት ስለሌላቸው የጉግል በተኑ እዚያ አይሠራም። ስልኩን ፍላሽ ላስደርገው (ሶፍትዌሩን ላስቀይረው) የሚላችሁን ተጠቃሚ ገንዘቡን አታስከስሩት። ከጎኑ በስልክ ቁጥርና በኤስኤምኤስ ኮድ የሚገባበት ጨምሩለት።