አሮጌ ቤት ስታፈርሱ የአስቤስቶስን አቧራ የሚያስነሱ ስህተቶች

አንድ ዘመዴ ሜሪላንድ ውስጥ በ1950ዎቹ የተሠራ ቤት ገዛ። ቅዳሜ ጠዋት ተሰባስበን ምድር ቤቱን ልናፈርስለት ገባን። ወለሉ ላይ ጎናቸው 9 ኢንች የሆነ ትንንሽ ሰድሮች አሉ፤ ከሥራቸው ጥቁር ሙጫ። አንዱን በመዶሻ ስንለው ፍርክስክስ አለ። ያን ቀን ማንም አላስቆመንም። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

የመጀመሪያው ስህተታችን ሳናስመረምር መጀመራችን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1980 በፊት በተሠራ ቤት የወለሉ ሰድር፣ ሙጫው፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧው መጠቅለያ፣ ጉርብጥብጥ ያለው ኮርኒስ ሁሉ አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብናኙ ሲተነፈስ ካንሰር የሚያመጣው ማዕድን ሊኖርባቸው ይችላል። በዓይን አይለይም። የሠለጠነ ሰው ናሙና ወስዶ ላብራቶሪ መላክ አለበት።

ትልቁ ስህተት ግን ደረቁን መስበር ነው። አስቤስቶስ ድንጋይ ነው፤ ግን እንደ ቃጫ ይተረተራል። ሳይነካ በቦታው ከተቀመጠ አደጋው ትንሽ ነው። ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ግን ቃጫው እየተሰነጠቀ ይቀጥናል። ዓይን የማያየው ብናኝ ሆኖ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች መጀመሪያ በውሃ አርሰው፣ ክፍሉን በፕላስቲክ ዘግተው፣ በተቻለ መጠን ሳይሰብሩ የሚያነሱት።

ተራ የሕክምና ማስክ አድርጎ "ተጠንቅቄያለሁ" ማለትም አይሠራም። ብናኙ በጎንና በጎን ይገባል። መጥረጊያ ደግሞ የወደቀውን መልሶ ያስነሳዋል። የቤት ቫኪዩም ይባስ ብሎ በኋላው ይተፋዋል።

አቧራው የነካውን የሥራ ልብስ ለብሶ ቤት መግባት የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። አስቤስቶስ ፋብሪካ የሚሠሩ ባሎቻቸውን የሥራ ልብስ በማራገፍና በማጠብ ብቻ ሜሶቴሊዮማ በሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር የታመሙ ሴቶች አሉ። ፋብሪካው ደጃፍ እንኳን ደርሰው አያውቁም።

"ይኸው ስንት ዓመት ሠራሁ፣ ምንም አልሆንኩ" የሚሉ ወንድሞችም አሉ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ዘመዴ በማግስቱ ሥራውን አስቁሞ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ጠራ። አስመርምረው አስቤስቶስ መሆኑን አረጋገጡ። የተሰባበረውን አጽድተው ወሰዱ። ደህናውን ሰድር ግን አልነቀሉትም፤ በላዩ ላይ አዲስ ወለል አለበሱበት።