ቻይንኛ ሳይችሉ በጓንዡ ታክሲ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዕቃ ግዢ ጓንዡ የሚመጡ ወገኖቻችን ለፋብሪካው፣ ለዋጋውና ለጭነቱ ወራት ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ለታክሲው ግን ማንም አይዘጋጅም። ከዚያ የግማሽ ቀን ሥራ መንገድ ላይ ይቀልጣል። ቻይንኛ አለመቻል ነውር አይደለም፤ ከሰላምታ የማያልፍ ቋንቋ ይዘው ሥራቸውን ጨርሰው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። ያለ ቋንቋ የሚያግባባውን ነገር አለመያዝ ግን ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚቀር ጉዳት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አድራሻን በአፍ መናገር ነው። ሳልሰለች የምናገረው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ተሳፋሪው የሆቴሉን ስም በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሹፌሩ ራሱን ይነቀንቃል። ተሳፋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ሹፌሩ እኮ የመስማት ችግር የለበትም! ስሙን በእንግሊዝኛ ሰምቶት አያውቅም። በሁዋንሺ ዶንግ መንገድ ላይ ያለውን ጋርደን ሆቴልን የጓንዡ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ የሚያውቀው ግን «ሁዋዩዋን» ብሎ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈውን የቻይንኛ ስም አይቶ ማንበብም አያዋጣም። የቻይንኛ ቃል ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ትርጉሙ ስለሚለወጥ፣ እናንተ በትክክል ያነበባችሁት የመሰላችሁ ስም ለእሱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አድራሻው በቻይንኛ ፊደል ተጽፎ ስልካችሁ ውስጥ ይኑር። ሆቴል እንደደረሳችሁ፣ ሻንጣችሁን ሳታስቀምጡ፣ ከእንግዳ መቀበያው የሆቴሉን ካርድ ውሰዱና ፎቶ አንሱት። ካርዱን ክፍል ውስጥ ትቶ የሚወጣ ሰው ስላለ ነው ፎቶ የምለው። ሻጩ ወይም ፋብሪካው አድራሻውን በዊቻት፣ ማለትም ቻይኖች መልእክት በሚለዋወጡበትና በሚከፍሉበት መተግበሪያ፣ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ለሹፌሩ ስታሳዩ ጽሑፉን አጉሉት። ከሥሩ የሻጩን ስልክ ቁጥር አስገቡበት፤ ሹፌሩ ግራ ሲጋባ ራሱ ደውሎ በገዛ ቋንቋቸው ይስማማሉ፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ከዚህ የሚበልጥ አስተርጓሚ የለም።

የተጻፈው አድራሻም ጎደሎ ከሆነ ያው ነው። ጓንዡ ውስጥ ሁዋንሺ የሚባለው መንገድ ምሥራቅ፣ መካከለኛና ምዕራብ ተብሎ ይከፈላል። ጆንግሻን የሚባለው ደግሞ ከአንድ እስከ ስምንት ተቆጥሮ ከተማውን ያቋርጣል። ስለዚህ ዶንግ፣ ናን፣ ሺ፣ ቤይ እና ጆንግ የሚሉትን አምስት ቃላት፣ ማለትም ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ፣ ሰሜንና መሀል፣ አጥኑ። ዪዉ ወደምትባለው ሌላዋ የገበያ ከተማ የምትሄዱም «ገበያው» ብላችሁ አትሳፈሩ፤ ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከሉ በርካታ ክፍሎች አሉት፣ በሮቹም ብዙ ናቸው። የክፍሉንና የበሩን ቁጥር ካልያዛችሁ በፀሐይ ስትዞሩ ትውላላችሁ።

በባቡር ጣቢያ የሚደርሰው ደግሞ የከፋ ነው። አንድ የተከበሩ አባት ነጋዴ የፈጣን ባቡር ትኬት ቆርጠው ነበር። ትኬቱ ከጓንዡ ናን የሚነሳ ነው። እሳቸው ግን ለሹፌሩ የባቡር ሥዕል በስልካቸው አሳዩት። ሹፌሩ በቅን ልብ በሳንዩዋንሊ አቅራቢያ ወዳለው አሮጌው የጓንዡ ጣቢያ ወሰዳቸው። ጓንዡ ናን ያለው ግን ፓንዩ በሚባለው በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ነው፤ መንገድ ከተጨናነቀ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የፈጣን ባቡር መግቢያ መነሻው ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል፤ ባቡሩ አመለጣቸው። ጓንዡ ውስጥ ዶንግ የሚባል የምሥራቅ ጣቢያና ባይዩን የሚባልም አለ። ሥዕል አታሳዩ፤ ትኬታችሁ ላይ ያለውን የጣቢያ ስም በቻይንኛ ተጽፎ አሳዩ።

አዲስ አበባ «ከመድኃኔዓለም ከፍ ብሎ፣ ከማደያው ፊት ለፊት» ብሎ መምራት ይሠራል። እዚህ ሹፌሩ የሚከተለው በስልኩ ካርታ ላይ ያለውን አድራሻ ስለሆነ በእጃችሁ ግራና ቀኝ እያሳያችሁ አታዋክቡት።

ጎግል ማፕን ማመን ሌላው ችግር ነው። ካርታው በቻይና ኢንተርኔት ላይ አይከፈትም። በኢትዮጵያ ሲም ሮሚንግ ተከፍቶ ቢያሳያችሁ እንኳ ቻይና ካርታዎቿን በራሷ የቦታ መለኪያ ስለምታዘጋጅ፣ ምልክቱ ከእውነተኛው ቦታ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ሊርቅ ይችላል። አማፕ የሚባለውን የቻይና ካርታ ጫኑ።

አሊፔይ በሚባለው የክፍያ መተግበሪያ ውስጥ ዲዲ የሚባለውን የታክሲ መጥሪያ ከፍቶ መኪና መጥራት ለእኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ መድረሻውም አስቀድሞ ይገባል። ሆኖም ሰዉ መኪና ጠርቶ ከምልክቱ ቦታ ይንቀሳቀሳል፤ ሹፌሩ ሲደውል ደግሞ አንስቶ ዝም ይላል። ስልኩን ከማንሳት ይልቅ በመተግበሪያው መልእክት ጻፉ፣ ይተረጎምለታል። የጠራችሁበት ነጥብ ላይ ቁሙ። የሰሌዳውን የመጨረሻ ቁጥሮች አይታችሁ ግቡ። ስትገቡ ሹፌሩ ዞር ብሎ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የስልካችሁን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች በቻይንኛ መጥራት ተለማመዱ፤ በስልክ ቁጥር ውስጥ አንድ «ዪ» ሳይሆን «ያኦ» ይባላል። ካቃታችሁ ጽፋችሁ አሳዩት።

አየር ማረፊያ ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ ሻንጣ የሚጎትት ደላላ አትከተሉ። ከሌሊት በረራ ደክሞ የወረደ ሰው የላዳ ልማድ ይዞት ዋጋ ይከራከራል፤ ግማሹን ያስቀነሰ ይመስለዋል፤ የሚከፍለው ግን ቆጣሪው ከሚቆጥረው እጥፍ ነው። በሕጋዊው የታክሲ ሰልፍ ቁሙ። ጓንዡ ውስጥ ቆጣሪው የሚነሳው ለመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች ከ12 ዩዋን ነው። የፈጣን መንገድ ክፍያ ይጨመርበታል፤ ጉርሻ ግን አይጠበቅም። ቆጣሪ አላበራም ካለ ውረዱ።

መንገድ ዳር ቆማችሁ ታክሲ ሲያልፋችሁ ሁልጊዜ በቆዳችን ነው አትበሉ። የውጭ ሰው አይቶ የሚያልፍ የለም አልልም፣ አለ፤ ያሳዝናልም። ግን በመስቀለኛ መንገድና በአውቶቡስ መቆሚያ ላይ ካቆመ ካሜራ ያስቀጣዋል። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ገደማ ደግሞ ሹፌሮች ፈረቃ ይቀያየራሉ።

አሊፔይን ወይም ዊቻትን ከካርዳችሁ ጋር ከአገር ቤት ሳትወጡ አያይዙ። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው በኢትዮጵያ ስልካችሁ ከሆነና ሲሙ እዚህ ካልሠራ ትቸገራላችሁ። የ10 እና የ20 ዩዋን ዝርዝርም ያዙ፤ ሹፌሮች መልስ የላቸውም።

የጨርቅ ማዳበሪያ ይዛችሁ ታክሲ አትለምኑ፤ ለጭነት ሁዎላላ የሚባል የጭነት መኪና መጥሪያ መተግበሪያ አለ።

ደረሰኝ ሳይቀበሉ መውረድ ብዙዎች የማያስቡት ስህተት ነው። ከቆጣሪው የምትወጣው ቀጭን ወረቀት ላይ የታክሲው ቁጥር፣ የተሳፈራችሁበትና የወረዳችሁበት ሰዓት ታትሟል። አንዲት እህታችን ፓስፖርቷና የጫማ ናሙናዎቿ ያሉበትን ቦርሳ ኋላ ወንበር ላይ ረስታ ወረደች። ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ ለሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሰጠች፤ ሠራተኛዋ ወደ ታክሲ ድርጅቱ ደወለች፤ ሹፌሩ በዚያው ምሽት ቦርሳውን አመጣ። ያለዚያች ወረቀት በሺዎች ከሚቆጠሩ ታክሲዎች መካከል የትኛውን ይፈልጉላት ነበር? እንዲህ ዕቃ ይዞላችሁ የሚመለስ ሹፌር ካጋጠማችሁ የመጣበትን መንገድ ቆጣሪው በቆጠረው ልክ ክፈሉት፤ ያንን ሰዓት ከሥራው ላይ ቆርሶ ነው የመጣው።