የቡና ቅጠል፣ ሃይላንድና የኢል ጉዞ ለልጆች

ኢል የሚባለውን ዓሣ ለልጆች ስታስተዋውቁ በፎቶ አትጀምሩ። እኔ ጀምሬ «እባብ!» ብለው ተጯጩኸው ነገሩ እዚያው አበቃ። ቢመስልም እባብ አይደለም።

መጀመሪያ «ከየት የሚወለድ ይመስላችኋል?» በሏቸው። የማንም ግምት አይሳቅበት፤ አርስቶትል እንኳ ከጭቃ ይወጣል ብሎ ነበር።

ከዚያ ከጓሮ የቡና ቅጠል ቅጠፉ፣ ጅማ ላይ መቼም ይሄ አይቸግርም። የአውሮፓው ኢል የሚፈለፈለው አትላንቲክ ውስጥ፣ ሳርጋሶ በሚባለው ባሕር ነው። ጫጩቱ ልክ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃው እየገፋ ወደ አውሮፓ ይወስደዋል። ዮሃንስ ሽሚት የሚባል ዴንማርካዊ ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በመርከብ እየዞረ፣ ከትንሹ ወደ ባሰ ትንሹ ጫጩት እየተከተለ ነው ቦታውን የደረሰበት።

ዳርቻ ሲቃረብ ሰውነቱ ይቀጥንና ብርጭቆ ይመስላል። ለዚህ ከሃይላንድ ላይ ጣት የምታክል ቁራጭ ቁረጡና መጽሐፍ ላይ አስቀምጡ፤ ፊደሉ በውስጧ ይነበባል። ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይቺን አይረሷትም።

ወንዝ ገብቶ ለሚያድግባቸው ረጅም ዓመታት ቢጫ ወረቀት ይበቃል። መመለሻው ሲደርስ የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት አምጡ፦ ሆዱ ብር ይመስላል፣ ዓይኑ ይተልቃል፣ መብላት ያቆማል። ሳይበላ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይዋኛል። «ከጅማ አዲስ አበባ ሰባት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ያውም ወልቂጤ ላይ ምሳ ሳይበሉ» ስላቸው ነው የገባቸው። ሳርጋሶ ደርሶ ይራባል፣ ከዚያ ይሞታል። ትንንሾቹ እዚህ ጋ ዝም ይላሉ፤ ግን አትሸፋፍኑት። ባሕሩ ውስጥ ሲራባ እስካሁን በዓይኑ ያየ ሰው የለም በሏቸው፣ ወዲያው እንደገና መጠየቅ ይጀምራሉ።

«እኛ ጋስ ለምን አይመጣም?» ማለታቸው አይቀርም። ጠመኔ ስጧቸውና ወለሉ ላይ ይሳሉት፦ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያ ጊልገል ግቤ፣ ኦሞ፣ ቱርካና ሐይቅ። ቱርካና ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ከባሕር ተነስቶ በዚህ ወንዝ እኛ ጋ መድረስ አይቻልም። የኔው ትንሹ ይሄን ሲሰማ «በቃ እኛ እንቆፍርለት» ብሎ ከቱርካና እስከ በሩ ደፍ ድረስ በጠመኔ አሰመረ።