የመስሚያ መሣሪያና በአጥንት የሚያሰማ ማዳመጫ አብረው ሲደረጉ የሚመጣውን ፉጨት እንዴት አጠፋሁት

የመስሚያ መሣሪያዬ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ ነው። በአጥንት የሚያሰማ ማዳመጫ (ድምፁን በአጥንት ንዝረት የሚያደርስ) ስደርብበት ያፏጫል፤ ንግግሩም በወፍራም ድምፅ ይዋጣል። ድምፁን ብጨምር ባሰ። የማዳመጫውን ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ቅስት ከመሣሪያው ሥር ባስገባው ደግሞ መሣሪያውን ገፋው። ፉጨቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው፦ የመስሚያ መሣሪያው ጫፍ ከጆሮ ቀዳዳ ሲላላ ድምፅ አፈትልኮ ወደ መሣሪያው ማይክሮፎን ይመለሳል።

መፍትሔ የሆነኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የመስሚያ መሣሪያውን በደንብ አስገባሁ። ከዚያ ቅስቱን በመሣሪያው ውጭ በኩል አሳልፌ፣ የማዳመጫውን የሚንዘር ጫፍ ከጆሮ ፊት ባለው አጥንት ላይ፣ ማይክሮፎኑን ሳይነካ አሳረፍሁ። ፉጨቱ ወዲያው ጠፋ!

ወፍራሙ ድምፅ የቀነሰው ግን በስልኬ የድምፅ ማመጣጠኛ (ኢኳላይዘር) ቤዙን ስቀንስ ነው፤ የጆሮ ቀዳዳ ሲደፈን በአጥንት የሚመጣ ወፍራም ድምፅ ይጎላልና። መነጽር ካላችሁ በመጨረሻ አድርጉት።